የገመድ ዕዳ

ውለታ ተከፍሎ ያልቃል ወይ?

የብር ዕዳ ቀላል ነው። የተበደረ ሰው ስንት እንደወሰደ፣ መቼ እንደሚመልስ፣ ወለዱም ስንት እንደሆነ ያውቀዋል። ከፍሎ ሲጨርስ ውሉ ይቀደዳል፤ አበዳሪና ተበዳሪም መንገድ ላይ ሲገናኙ አንገታቸውን ሳይደፉ ሰላም ይባባላሉ። ውለታ ግን ውል የለው፣ ምስክር የለው፣ ቀነ ቀጠሮ የለው። ታዲያ ያልተጻፈ ዕዳ በምን ይሰረዛል?

እኛ ዘንድ ሁለት መልስ አለ። አንደኛው የአባቶቻችን ነው፦ ውለታ አይከፈልም፤ ዕድሜ ልክህን ይዘኸው ትዞራለህ፤ የረሳህ ዕለት «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ትባላለህ። ሁለተኛው የልጆቻችን፣ በተለይም ባሕር የተሻገሩት ልጆቻችን መልስ ነው፦ የተደረገልኝን አውቃለሁ፤ አስቤ ከፍያለሁ፤ ከእንግዲህ ልቀቁኝ። በእነዚህ በሁለቱ መልሶች መካከል ስንቱ ቤተሰብ ተኳርፎ እንደቀረ፣ ስንቱ ስልክ ሳይነሳ ጮኾ እንደዘጋ፣ የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ።

እኔ ሁለቱም አይዋጡልኝም። ለምን እንደማይዋጡልኝ በደንብ የገባኝ ደግሞ ጀርመን አገር፣ ሞተር በሌለው አውሮፕላን ከሚበሩ ሰዎች ጋር አንድ ሳምንት በከረምኩ ጊዜ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የሟች ወንድሜ ልጅ ፍራንክፈርት አካባቢ መሐንዲስ ሆኖ ይሠራል። ትርፍ ጊዜውን የሚያጠፋው ፈረንጆቹ ግላይደር በሚሉት ሞተር አልባ አውሮፕላን ክበብ ውስጥ ነው። ክበቡ በየበጋው አንድ ሳምንት ሥራውን ሁሉ አቁሞ፣ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ፣ ጠዋት ማታ ሲበር ይሰነብታል። «ጋሼ፣ መቼም ፍራንክፈርት ተቀምጠው ሕንጻ ከሚቆጥሩ ከእኛ ጋር ይክረሙ» አለኝ። ሄድኩ።

ቦታው ሮን የሚባለው ተራራማ አገር ነው። ከተራሮቹ ሁሉ ታዋቂው ቫሰርኩፐ 950 ሜትር ከፍታ አለው። አዲስ አበባ ራሷ የዚህን «ተራራ» እጥፍ ከፍታ ትበልጣለችና፣ የእኛ ሰው ቢያየው ጉብታ ነው የሚለው። ይሁን እንጂ የዓለም የሞተር አልባ በረራ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ጉብታ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከተሸነፈች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 የተፈረመው የቬርሳይ ውል የጦር አየር ኃይል እንዳይኖራት ከለከላት፤ በሞተር የሚበር አውሮፕላን መሥራትም ለተወሰነ ጊዜ ታገደ። መብረር ያማራቸው ተማሪዎች ታዲያ «ሞተር ነው እንጂ የተከለከለው ነፋስ አልተከለከለም» ያሉ ይመስል፣ እ.ኤ.አ. በ1920 ከእንጨትና ከጨርቅ የሠሯቸውን አውሮፕላኖች እየተሸከሙ ወደዚህ ተራራ ወጡና ውድድር ጀመሩ። በሁለተኛው ዓመት ማግስት፣ በ1922፣ ከሐኖቨር የመጡ ተማሪዎች በሠሩት አውሮፕላን ሦስት ሰዓት አየር ላይ መቆየት ተቻለ።

አሁን ወደ እኔ ሰኞ ልመለስ። ሰኞ ጠዋት ሜዳው ላይ ስደርስ የተሰጠኝ ሥራ ክንፍ መያዝ ነው። ሞተር አልባ አውሮፕላን ሆዱ ሥር ያለው ዋና ጎማ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ቆሞ ሳለ አንዱ ክንፉ መሬት ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሲነሳ አንድ ሰው የክንፉን ጫፍ ይዞ ማስተካከል አለበት። አውሮፕላኑ መንቀሳቀስ ሲጀምር ያዡ አራት አምስት እርምጃ አብሮ ይሮጥና ይለቃል። አሠራሩን ያሳየችኝ ልጅ አንድ ነገር ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ፦ ክንፉን በጣት ደገፍ ማድረግ ነው እንጂ ጨምድዶ መያዝ የለም፤ የሚለቀቅበት ጊዜ ሲደርስም ወዲያው መልቀቅ ነው። ቶሎ ያልለቀቀ ደጋፊ አውሮፕላኑን ወደ ጎን ያዞረዋል፤ ያ ደግሞ አደጋ ነው። ከዚህ በፊት «መርዳት» ስለሚባለው ነገር ብዙ ትርጉም ሰምቻለሁ። «በጊዜው መልቀቅ» የሚለውን የጨመረልኝ ግን አልነበረም።

አንድ ሰው እንዲበር ስንት ሰው ይሠራል? ቆጠርኩ። አንዱ ክንፍ ይይዛል። አንዱ ገመዱን መንጠቆው ላይ ያስገባል። አንዱ በሬዲዮ ምልክት ይሰጣል። አንዱ የተነሳበትንና ያረፈበትን ሰዓት ይመዘግባል። አንዱ ከሜዳው ወዲያኛው ጫፍ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዊንች የሚሉትን መጠቅለያ ሞተር ይነዳል፤ ገመዱን በፍጥነት ጠቅልሎ አውሮፕላኑን እንደ ካይት ሽቅብ የሚስበው እሱ ነው። አንዱ ደግሞ የወደቀውን ገመድ በመኪና እየጎተተ ይመልሳል። መምህሩም ቆሞ ሁሉንም ያያል። ሰባት ሰው ሆነ። በደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አውሮፕላኑ 400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይደርሳል። የሚያነሳ አየር ካላገኘ ግን በስድስት ሰባት ደቂቃ ውስጥ ተንሸራቶ ተመልሶ መሬት ነው።

ልብ በሉ! ስድስት ደቂቃ ለመብረር ቀኑን ሙሉ መግፋት፣ መሮጥ፣ መመዝገብ። ለሥራው የሚከፈለው ሰው ደግሞ የለም። ሐኪሙም ይገፋል፣ ቧንቧ ሠራተኛውም ይገፋል፣ የአሥራ አራት ዓመቷ ተማሪም ትገፋለች። ነገሩ ሲገባኝ ሳቄ መጣ። ይሄ እኮ ወንፈል ነው! ደቦ ብዬ እንዳልጠራው ደቦ ጠሪው አብልቶ አጠጥቶ ይሸኛል፤ ወንፈል ግን ዛሬ የአንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን ነው። የወንፈል ሒሳብ በብር አይሰላም፤ በተራ ነው የሚሰላው።

ማክሰኞ ዘነበና መብረር አልተቻለም፤ ተራራው ላይ ያለውን ሙዚየም ስናይ ዋልን። የዚህ ሙያ አባት ስለሚባለው ስለ ኦቶ ሊሊየንታል ስሰማ ደስ ያለኝ ነገር አለ። ሰውየው መብረርን የተማረው ሽመላን በማየት ነው። የሽመላን ክንፍ ለክቶ፣ አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1889 ስለ ወፎች አበራረር መጽሐፍ አሳተመ፤ ከዚያም ራሱ በሠራቸው ክንፎች ከኮረብታ እየተነሳ ብዙ ጊዜ በረረ፤ በ1896 ወድቆ ሞተ። ይህቺ ነጭ ሽመላ ክረምት ሲመጣባት ወደ አፍሪካ የምትወርደው ናት። የሜዲትራኒያንን ባሕር ግን በቀጥታ አታቋርጥም፤ ባሕር እንደ የብስ ስለማይግል የሚያነሳ ሞቃት አየር አይሰጣትም። ስለዚህ ከምሥራቅ አውሮፓ የምትነሳው በቱርክና በሲና ዞራ ወደ እኛው አቅጣጫ ትመጣለች። ክንፍ ያላት ወፍ እንኳ በክንፏ ብቻ አትሄድም ማለት ነው።

ረቡዕ ፀሐይ ወጣ፤ እኔም ተራ ደረሰኝ። ኬ-21 የምትባል ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ፊት ወንበር ላይ በቀበቶ አሰሩኝ። የተሠራችው እዚያው ተራራ ግርጌ፣ ፖፐንሃውዘን በምትባል መንደር ነው። አየሩ ጸጥ ካለ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆና ወደ 34 ኪሎ ሜትር መንሸራተት ትችላለች። ገመዱ ሲወጠር ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ፤ መሬቱ ጠፍቶ ሰማይ ብቻ ሆነ። ከዚያ አናቱ ላይ ስንደርስ ከኋላዬ የተቀመጠው አብራሪ ቢጫውን እጀታ ሳበና ገመዱን ለቀቀው። ጸጥ አለ። የሚሰማው የነፋስ ፉጨት ብቻ ነው።

መውረድ ጀመርን። አብራሪው ቀኝና ግራ ሲያማትር ቆየና አንድ ጭላት አየ፤ ክንፉን ሳያርገበግብ እየተሽከረከረ ይወጣል። ወደሱ ዞርን። ከታች ታጭዶ የደረቀ የስንዴ ማሳ አለ። ማሳው በፀሐይ ሲግል በላዩ ያለው አየር ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ይቀላል፤ ቀሎም ይወጣል። በዚያ አየር ውስጥ የተሽከረከረ አብሮ ይወጣል። ከላዩም እንደ ጥጥ ባዘቶ ያለ ደመና ይቆማል። ወደ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ወጣን። ግማሽ ሰዓት ቆየን።

እዚያ ላይ ሆኜ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፦ ማነው ያነሳኝ? ዊንች ነጂው አንድ ነው። ክንፍ ያዧ ሁለት ናት። ጭላቱስ? መንገድ አሳይቶናል፤ አያውቀንም እንጂ። ስንዴውን ያጨደው ገበሬስ? ማሳው ባይታጨድ ኖሮ ያ ሞቃት አየር እዚያ ላይነሳ ይችል ነበር፤ ገበሬው ግን ለእኔ ብሎ አላጨደም። ፀሐይንስ ማን ያመሰግናታል? ለተማሪዎቼ የግሪኮቹን የኢካሩስን ተረት ሳስተምር ሁሉም የሚከራከሩት ስለ ልጁ ትዕቢት ነበር፤ ለምን ወደ ፀሐይ ተጠጋ፣ ለምን አልሰማም እያሉ። ክንፉን ላባ በላባ አጣብቆ ስለሠራለት አባት የጠየቀኝ ተማሪ ግን አላስታውስም። የሚበር ሰው ዓይን ይስባል። ክንፍ የሚሠራ አይታይም።

«ራሴን በራሴ ነው ያሳደግሁት» የሚል ሰው ስሰማ የሚገርመኝ ለዚህ ነው። ጥረቱን አልክድበትም። ያ አብራሪ ችሎታ ባይኖረው ማሳውም ጭላቱም ምንም አያደርጉለትም ነበር። ግን ችሎታ ያለ ገመድ 400 ሜትር አይደርስም። ሰው ሲነሳ ሦስት ነገር አንድ ላይ ይነሳል፦ የራሱ ችሎታ፣ እድሉ፣ የሌላ ሰው ጉልበት። ለችሎታው ይኮራ። ለእድሉ ተመስገን ይበል። ለሌላው ሰው ጉልበትስ ምን ይበል?

በዚያው ምሽት እሳት ዳር ተቀምጠን የወንድሜ ልጅ በሆዱ የያዘውን አወጣው። አባቱ ሲሞት እኔ ቤት ነው ያደገው። የመምህር ደመወዝ ጣራና እንጀራ ሊሆነው ይችላል፤ ከዚያ በላይ አይዘልቅም። የትምህርት ቤት ክፍያውን፣ መጽሐፉን፣ ጫማውን፣ በኋላም የአውሮፓ ጉዞውን የቻለችው ታናሽ እህቴ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆናት ቤይሩት ሄዳ፣ ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ፣ ወገቧን ታማ ተመለሰች። እሱ ይህንን አልረሳም፤ በየወሩ ይልክላታል። ሒሳቡንም ይዟል።

«ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ» አለኝ። «አክስቴ የላከችልኝን በሙሉ ኮምፒዩተር ላይ መዝግቤዋለሁ። እኔ የላክሁላት ከእጥፍ በላይ ሆኗል። እኔም ልጆች አሉኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ። ሳመሰግናት ልኑር፣ እሺ። ግን እስከ መቼ ነው የምከፍለው?»

ብዙ ሰው ይሄን ቢሰማ «ውለታ ቢስ!» ብሎ ይነሳበታል። እኔ አልተነሳሁበትም፤ ከተናገረው ውስጥ እውነት አለበትና። ገመዱን ያልለቀቀ አይበርም። እንዲያውም የአውሮፕላኑ መንጠቆ አሠራሩ አስገርሞኛል፤ አብራሪው እጀታውን መሳብ ቢረሳ እንኳ አውሮፕላኑ ከዊንቹ በላይ ሲያልፍ መንጠቆው ራሱ ገመዱን ይለቃል። የሠሩት ሰዎች መልቀቅን ለአብራሪው ማስታወስ ብቻ አልተዉትም። እኛ ግን ልጅ የምናሳድገው ብዙ ጊዜ መልቀቂያ በሌለው ገመድ ነው። «ላንተ ብዬ ነው እንዲህ የሆንኩት» የምንለው ነገር አለ፤ ልጁ አርባ ዓመት ሞልቶት እንኳ ገመዱ እግሩ ላይ ይጎተታል። ለጡረታ ታስቦ የተደረገ ነገር ውለታ አይባልም፤ ቁጠባ ነው። ስለዚህ «ዕድሜ ልክ ተሸከም» ለሚለው ለአባቶቻችን መልስ ልጁ ያቀረበው ክርክር ያሸንፋል።

ግን በዚያ ሜዳ ላይ ሌላም ሰው አለ። ዊንቹን የሚነዱት ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ልባቸውን ስለሚያማቸው ሐኪም ከበረራ ከልክሏቸዋል፤ ሆኖም በየሳምንቱ መጥተው እዚያች ጎጆ በምታክል ዊንች ውስጥ ተቀምጠው የሰው ልጅ ሲስቡ ይውላሉ። በወንድሜ ልጅ አስተርጓሚነት «ከእንግዲህ ለማይበሩት ነገር ምን ያደክምዎታል?» አልኳቸው። «እኔንም ለአርባ ዓመት የሳበኝ ሰው ነበር፤ እሱ አሁን የለም» አሉኝ።

አንድ መልስ እዚህ አለ። ውለታ ለዋለልህ ሰው መልሶ መክፈል የማይቻልበት ጊዜ ይመጣል፤ ስለዚህ ለሚቀጥለው ትከፍላለህ። የሳበህን አትስበውም፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ ሌላውን ትስባለህ። ጥሩ ነው። የወንድሜ ልጅም ወደደው፤ «እንደዚያ ከሆነማ እኔ ለልጆቼ እያደረግሁ ነው» አለ።

ነገር ግን ይህ መልስ ለሁሉም አይሆንም። ሽማግሌው አርባ ዓመት በርረዋል። ስማቸው ተራው ላይ ነበር፤ ተራቸው ደረሰ፣ በረሩ፣ ጠገቡ፤ አሁን ቢስቡ አያጎድላቸውም። እህቴስ? እሷ ዘጠኝ ዓመት ገመድ ስትስብ ስሟ የትኛውም ተራ ላይ አልነበረም። ለእሷ «ልጁ ለልጆቹ እያደረገ ነው» ማለት ምን ማለት ነው? ሌላ ትውልድ ይበራል፤ እሷ አሁንም ሜዳው ላይ ናት።

የኮምፒዩተሩ ሒሳብም የሚጎድለው ይሄው ነው። የተላከው ዶላር በትክክል ተመዝግቧል፤ አልጠራጠርም። ዶላሩ ግን ደመወዟ ነው። የሰጠችው ከሃያ ሁለት እስከ ሠላሳ አንድ ያለውን ዕድሜዋን ነው። የራሷን ተራ ነው የሰጠችው። የሰው ተራ የሚገባበት ዓምድ ኮምፒዩተሩ ላይ የለም፤ ስለዚህ እጥፍ ሆነ ማለትም፣ አልሞላም ማለትም ትርጉም የለውም። በብር አይዘጋም፤ በብር ስላልተከፈተ።

«ለመሆኑ» አልኩት፣ «አክስትህ ያኔ ምን መሆን ትፈልግ እንደነበር ታውቃለህ?»

ዝም አለ። እኔ አውቃለሁ፤ አልነገርኩትም። ጠያቂው እሱ እንዲሆን ፈለግሁ። አርባ ሰባት ዓመት ገና ነው፤ ሰው በአርባ ሰባት ዓመቱ የሚጀምረው ነገር አለ። በየወሩ የሚላከው ብር ምናልባት ግማሽ ይሆን ይሆናል፤ ምናልባት ለአንድ ነገር አንድ ጊዜ ሆኖ ይላክ ይሆናል። ያንን ሁለቱ ይነጋገሩ። ዋናው «ስንት ቀረብኝ?» የሚለው ጥያቄ «ተራሽ መቼ ነው?» በሚለው መለወጡ ነው። አርብ ዕለት ከድንኳኑ ራቅ ብሎ ረጅም ስልክ ሲያወራ አይቼዋለሁ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁትም።

የዚያን ሳምንት ወንፈል አድንቄ ብቻ እንዳላልፍ የሚከለክለኝ ደግሞ ታሪክ አለ። ሮበርት ክሮንፌልድ የሚባል የኦስትሪያ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1929 ሞተር በሌለው አውሮፕላን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የበረረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የጀርመን ወጣቶች ጀግና ነበር። ግን አይሁዳዊ ነው። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ እዚያ መብረሩ አበቃና ተሰደደ፤ እንግሊዝ አገር ገብቶ ለዚያው አገር ሲሠራ ኖረ፤ በ1948 አዲስ አውሮፕላን ሲሞክር ወድቆ ሞተ። ክበቦቹ ደግሞ በመንግሥት ድርጅት ተጠቀለሉ፤ ክንፍ እየያዙና ገመድ እየሳቡ የተማሩት ልጆችም ለጦር አየር ኃይል ተዘጋጁ። መተባበሩ እንደነበረ ነው፤ ገመዱም ያው ገመድ ነው። የተለወጠው የተራ መዝገቡ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ማበር በራሱ ጥሩ ነገር እየመሰለን። ድሩ ማንን እንዳሰረ፣ ማንንስ እንዳገለለ ሳያዩ ማበርን ማወደስ ያሳስታል።

ስለዚህ አንድን ክበብ፣ አንድን ቤተሰብ፣ አንድን አገር ለመመዘን ማን ከፍ ብሎ እንደበረረ መቁጠር አይበቃም። እየሳበ ተራ የማይደርሰው ማነው? ብሎ መጠየቅ ይገባል። በሄድኩበት ክበብ ቅዳሜ ዕለት ያቺ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን በረረች። ስታርፍ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ የክበቡ ሰው ሁሉ ተሰልፎ መቀመጫዋን በጥፊ ቸብ ቸብ አደረጋትና የእኛን ኮሸሽላ የሚመስል እሾሃማ አበባ ሰጣት። ሁሉም ክንፏን ይዘዋል፤ ሁሉም ቸብ አደረጓት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ልታነሳ ገመድ ይዛ ስትሮጥ አየኋት።

ይሄንን ስጽፍ ከአዲስ አበባ ቤቶች ስንቱ ውስጥ አንዲት ልጅ ሕፃን አዝላ፣ ድስት ጥዳ እንደምትውል አስባለሁ። እናትና አባት ቢሮ የሚገቡት፣ ልጆች ታጥበው ትምህርት ቤት የሚሄዱት፣ እንግዳ የሚስተናገደው በእሷ ጉልበት ነው። የአንዳንዱ ቤት ሰው ማታ ትምህርት ቤት ያስገባታል፤ የአንዳንዱ ደግሞ «ከተማረች ትሄድብናለች» ብሎ ይከለክላታል። መሄዷ አይቀርም፤ ይሂዱ እንጂ! ገመድ የሚሳበው ሊለቀቅ ነው። ደመወዟን በጊዜው መክፈላችን ግዴታችን ነው፤ በዚያ ብቻ ግን ሒሳቡ ተዘጋ አይባልም። የእህቴም ደመወዝ ቤይሩት ላይ ተከፍሏል።

ውለታ ተከፍሎ ያልቃል ወይ? ተራ ለደረሰው ሰው፣ አዎ፤ ወንበሩን ተረክበህ ሌላውን ስትስብ ያልቃል። ተራ ላልደረሰው ግን፣ ስሙ መዝገቡ ላይ እስኪገባ ድረስ፣ አያልቅም።